የሥራ አጥ ፎርም ስንፈልግ ግንቦት 13 እንዳያልፈን

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን፣ ከጠባሴ ነው። ጋዜጣችሁን የማነበው ሰፈራችን ዳቦ ቤት ነው። ባለቤቱ አንብቦ ሲጨርስ ለእኛ ይሰጠናል፣ እኛ ስንጨርስ ደግሞ ዳቦ ይጠቀለልበታል። ስለዚህ ደብዳቤዬ ቢታተም ሰፈሬ ድረስ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው መጻፌ።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት አብራኝ ትሠራ የነበረች ልጅ ቤቴ መጣች። በፌስታል የጠቀለለችውን ወረቀት አውጥታ "እስኪ እይልኝ፣ በትክክል ሞልቶልኛል?" አለችኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት የሚቀመጥ ሰው "የሥራ አጥ ኢንሹራንስ እሞላልሻለሁ፣ በየሳምንቱ ገንዘብ ይገባልሻል" ብሎ 300 ብር ተቀብሏታል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከኢንተርኔት የወጣ የአሜሪካን አገር ቅጽ። አድራሻ የሚለው ቦታ ላይ "ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ" ተብሎ ተሞልቷል። የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሚለው ላይ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ቁጥሯን አስገብቶበታል። የመጨረሻ አሠሪሽ ማን ነው በሚለው ሥር የፋብሪካችን ስም በአማርኛ ተጽፏል። መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ልጅቱን አልፈርድባትም። እኔም ያን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከአክስቴ ልጅ ነው፣ ሜሪላንድ ከሚኖረው። ከሥራ መቀነሴን በስልክ ስነግረው "ታዲያ የሥራ አጥ ክፍያ አላመለከትሽም?" ብሎ ጠየቀኝ። የምን ክፍያ አልኩት። እሱም ደንግጦ "ኧረ ዝም ብለው አሰናበቱሽ?" አለ። እዚህ እንደዚያ ያለ ነገር እንደሌለ ረስቶታል፤ ከሄደ ቆይቷል።

እውነቱን ለማወቅ ብዙ ተንከራትቻለሁ፤ ያገኘሁትንም ለራሴ ብቻ ይዤው ብቀር ኀጢአት ይሆንብኛል። በአገራችን ሥራ ያጣ ሰው አመልክቶ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚከፈለው የሥራ አጥ ኢንሹራንስ የለም። ቢሮ የለውም፣ ቅጽ የለውም፣ መስኮት የለውም። እሞላላችኋለሁ የሚል ሰው ካለ ገንዘባችሁን ሊበላ ነው። ያለን ሌላ ነገር ነው፤ የሥራ ስንብት ክፍያ ይባላል። የሚከፍለው አሠሪው ነው፣ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ነው፣ መጠየቂያ ቀኑም ያልቃል። ከእኛ ፋብሪካ የተሰናበቱ ሰዎች ቀን ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ከከተማችን ፋብሪካዎች በአንዱ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ክርክሩ ገና አላለቀም፣ ደግሞም ዛሬ እዚያ የሚሠሩ እህቶቼ አሉ። ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ እጦት ሲጓተት ከረመ፣ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋ ነበር። ከሦስት ፈረቃ ወደ ሁለት ወረድን፣ ከሁለት ወደ አንድ። በኅዳር ሚካኤል ማግስት ጠዋት፣ ውርጩ የበሬሳን ሜዳ ነጭ አድርጎት፣ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው ጋሼ ስም ዝርዝር ይዞ ቆሟል። 41 ሰው ነን። ሁላችንም ተደምረን ከ200 የማንበልጥ ሠራተኞች ነበርን፤ ከአምስት አንዱ ማለት ነው።

አንድ በአንድ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ገባን። ጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ወረቀት ተደርድሯል። ከመባዛቱ ብዛት ፊደሉ ጠፍቷል፤ ለስም ብቻ ነጠብጣብ ተትቶለታል። እስክሪብቶው በክር ከጠረጴዛው እግር ጋር ታስሯል፤ ይህን የማስታውሰው ለመፈረም ስስበው አጥሮኝ ጎንበስ ስላልኩ ነው። ጎንበስ ስል አነበብኩት። "እኔ . . . . . . ከዛሬ ጀምሮ በገዛ ፈቃዴ ሥራዬን የለቀቅሁ መሆኔን፣ ከድርጅቱም ምንም ዓይነት ክፍያ የማልጠይቅ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ" ይላል።

"እኔ እኮ አለቀቅሁም፣ እናንተ ናችሁ ያሰናበታችሁኝ" አልኩ።

"እህቴ፣ ፎርማሊቲ ነው። ፈርሚና የወር ደመወዝሽን ከሂሳብ ክፍል ውሰጂ፤ ክሊራንስ ያለዚህ አይሰጥም" አለኝ የክፍሉ ሰው።

ነፍሱን ይማረውና አባቴ ሰላ ድንጋይ ላይ በአንዲት የመሬት ድንበር አሥራ አንድ ዓመት የተከራከረ ሰው ነበር። በአሥራ አንድ ዓመቱ ያገኘው መሬት አንድ ጥማድ በሬ በግማሽ ቀን የሚያርሰው ነው፤ እናቴ እስከ ዛሬ ትስቅበታለች። ነገር ግን ልጆቹን "ያላነበባችሁት ላይ እጃችሁን እንዳታሳርፉ" እያለ ነው ያሳደገን። እስክሪብቶውን መልሼ አስቀመጥኩ። ክሊራንስ ሳልይዝ፣ የዚያን ወር ደመወዝ ሳልቀበል ወጣሁ። በር ላይ ጋሼ "ጎበዝ" አለኝ፤ ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን ካየ በኋላ ነው ያለው።

ከ41ዱ 19ኙ ፈረሙ። 11ዱ ደግሞ አልፈረሙም፣ አልከሰሱምም፤ "ጥሬ ዕቃው ሲመጣ እንጠራችኋለን" የሚለውን የአፍ ቃል ይዘው እየጠበቁ ናቸው። የቀረነው 11 አመለከትን።

በፊርማው ላይ ለምን እንደዚህ እንደማተኩር ልንገርዎ። የአክስቴ ልጅ በኮሮና ጊዜ የሚሠራበት ሆቴል ተዘግቶ የሥራ አጥ ክፍያ ሲበላ ነበር የከረመው። ሥርዓቱ እንዴት እንደሚሠራ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አስረዳኝ። በአሜሪካ ይህ መድን ከ1935 ዓ.ም. (በእነሱ አቆጣጠር) የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ጀምሮ ያለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የራሱን ያስተዳድራል። ገንዘቡ የሚመጣው አሠሪዎች በሠራተኛው ደመወዝ ላይ ከሚከፍሉት ግብር ነው፤ በሜሪላንድ ከሠራተኛው አይቆረጥም። የሚያመለክት ሰው ከማመልከቱ በፊት በነበሩት ከአንድ ዓመት በላይ በሆኑ ወራት ውስጥ እዚያው አገር ሠርቶ በቂ ደመወዝ ያገኘ መሆን አለበት። የሦስት የሦስት ወር ሂሳብ ይቆጠርለታል፤ ካለፉት አምስት ሩብ ዓመቶች የመጀመሪያዎቹ አራቱ ይታያሉ። የሥራ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ከዚያም በየሳምንቱ ይጠየቃል፦ ለመሥራት ትችላለህ? ሥራ ብታገኝ ዛሬ ትገባለህ? በዚህ ሳምንት የት የት ጠየቅህ? ያገኘኸው ገቢ አለ? ሳምንቱን ሳይሞላ ካለፈ የዚያ ሳምንት ክፍያ ይቆማል። ቢበዛ 26 ሳምንት ነው። በኮሮናው ጊዜ ግን የፌዴራሉ መንግሥት ለተወሰኑ ወራት በሳምንት 600 ዶላር ይጨምርበት ነበር፤ "ከደመወዜ የበለጠ የተከፈለኝ ያኔ ብቻ ነው" ይላል።

እንግዲህ በጠባሴ አድራሻ የተሞላው ወረቀት ምን እንደሚሆን ይታይዎት።

ከነገረኝ ሁሉ ግን ልቤ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው። "ሲመዘግቡህ ከሁሉ በፊት ምን ይጠይቁሃል?" ስለው "ለቀቅህ ወይስ ተሰናበትክ? ነው የሚሉት" አለኝ። በቂ ምክንያት ሳይኖረው በራሱ ፈቃድ የለቀቀ፣ ወይም በከባድ ጥፋት የተባረረ አያገኝም፤ ሥራ ጠፍቶ የተቀነሰ ያገኛል። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ያ በክር የታሰረ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ። እዚያም እዚህም መንገዱ የሚለያየው እዚያች አንዲት ጥያቄ ላይ ነው፤ ለቀቅሽ ወይስ ተሰናበትሽ? እኛን ደግሞ ጥያቄውን ሳንጠየቅ መልሱን ያስፈርሙናል።

አሁን ወደ አገራችን ሕግ ልመለስ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይባላል፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ። ፎቶ ኮፒውን ገዝቼ ቤቴ አስቀምጬዋለሁ፤ አንቀጽ 39 እና 40 ያሉበት ገጽ ቅባት ጠጥቷል፤ ድስት ስጥድም አነበው ስለነበር። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፣ ድርጅቱ በኪሳራም ሆነ በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ቢዘጋ፣ በሠራተኛ ቅነሳ ቢሰናበት ወይም ከሕግ ውጭ ቢባረር የስንብት ክፍያ ይገባዋል። አሠሪው ሰብአዊ ክብሩን የሚነካ ነገር ፈጽሞበት የለቀቀ፣ ጾታዊ ትንኮሳ ደርሶባት የለቀቀች፣ ለሕይወት አደገኛ የሆነ ነገር አለ ብሎ አመልክቶ አሠሪው ዝም ያለውም እንዲሁ። በከባድ ጥፋት ያለማስጠንቀቂያ በሕግ አግባብ የተባረረ ግን አያገኝም።

ከዚያ በኋላ ያለውን የማውቀው የዞኑ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ውስጥ ባገኘኋቸው አንዲት እናት ምክንያት ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ፔርሙዝና ክምር ፋይል አለ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሲፈልጉት ነበር የገባሁት። "ደመወዝሽ ስንት ነው ልጄ?" አሉኝ። 6,000 ብር አልኳቸው። ያረጀ የስብሰባ ጥሪ ገልብጠው በጀርባው መጻፍ ጀመሩ።

"በ30 ቀን ሲካፈል የቀን ደመወዝሽ 200 ብር ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ይኸው 6,000። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፣ 2,000 ማለት ነው። ስድስት ዓመት ይቀርሻል፤ 12,000። ድምር 18,000።" እዚህ ላይ አቁመው አዩኝ። "በቅነሳ ነው የወጣሽው አይደል? እንግዲያው የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርልሻል። 12,000። 30,000 ሆነ።" ወረቀቱን ገፋ አድርገው ሌላ መስመር አሰመሩ። "ማስጠንቀቂያ ሰጡሽ? አልሰጡሽም። በቅነሳ ለሚሰናበት ሁለት ወር ነው፤ ካልሰጡሽ የሁለት ወር ደመወዝ ይከፍሉሻል፤ 12,000። 42,000። ያልወጣሽው የዓመት ፈቃድ ካለሽ እሱም ወደ ገንዘብ ይቀየራል።"

42,000 ብር። እኔ እኮ በክር ለታሰረ እስክሪብቶ ልሰጠው የነበረ ገንዘብ ነው።

ወረቀቷ አሁንም አለችኝ። እናትየዋ ሲሰናበቱኝ ሦስት ነገር ነገሩኝ፤ እንደተናገሩት ልጻፈው። የመጀመሪያው፣ አሠሪው የስንብቱን ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መክፈል አለበት፤ ያለበቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊጨምርበት ይችላል። ሁለተኛው፣ የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ ስለዚህ "ገንዘብ የለኝም" ብሎ መቅረት ምክንያት አይሆንም። ሦስተኛውን ሲናገሩ መነጽራቸውን አወረዱ። "ስድስት ወር ነው ያለሽ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ (የመጠየቂያ ጊዜ ገደብ) ይታገዳል። ወደ ሥራ ልመለስ የምትዪ ከሆነ ደግሞ ሦስት ወር ብቻ።"

ስድስት ወር። ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ብንቆጥር ግንቦት ሚካኤል ማግስት፣ ግንቦት 13 ነው።

ይህን ቀን የሚያውቅ በሰፈራችን ስንት ሰው አለ? ጎረቤቴ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ካቻምና ከሌላ ድርጅት ስትቀነስ አሠሪዋ ጥሩ ሰው ነበር ትላለች። "ሥራው ሲነሣ አንቺን ነው የምጠራ" እያለ በዓል ሲሆን ዘይት ሁሉ ይልክላት ነበር። ለዓመት በዓል ሁለት ጊዜ ዘይት ላከ። ስምንት ወር ካለፈ በኋላ ስልኩን ማንሣት አቆመ። ያኔ ቢሮ ሄደች፤ ይርጋ አልፎታል አሏት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። በ11ዱ የፋብሪካችን ልጆች ላይ የምፈራው ይህንኑ ነው። የአፍ ቃል ይርጋን አያቆምም። ይርጋን የሚያቋርጠው ጉዳዩን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ አስፈጻሚ ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ ነው፤ ወይም አሠሪው ክፍያው እንዳለበት በጽሑፍ ሲያምን ነው። "እንጠራችኋለን" የተባላችሁ፣ እስኪ ጻፉልን በሏቸው። ሥራው በእርግጥ ለጊዜው ብቻ የቆመ ቢሆን ሕጉ ለዚያም መንገድ አለው፤ አሠሪው ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አሳውቆ የሥራ ውል እንዲታገድ ያስፈቅዳል፣ እግዱም ከ90 ቀን አይበልጥም። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ግን 90 ቀን አልፎ ሄዷል።

ለፈረሙት 19ኞችም የምለው አለ፤ ይህንን ያወቅሁት በቅርቡ ነው፣ እነሱም ያወቁት አይመስለኝም። በሕጉ ከአምስት ዓመት ያላነሰ ያገለገለ ሠራተኛ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ በራሱ ፈቃድ ቢለቅ እንኳ የስንብት ክፍያ አለው። የቅነሳውን የ60 ቀን ጭማሪና የማስጠንቀቂያውን ገንዘብ ያ ፊርማ ሊያሳጣው ይችላል፤ ዋናው ግን አይጠፋም። ከ19ኙ ቢያንስ ሰባቱ አምስት ዓመት እንደሞላቸው በስም አውቃለሁ፤ ከእኔ ጋር ነው የተቀጠሩት። "እኛማ ፈርመናል" ብላችሁ አትቅሩ።

አቤቱታ ልታቀርቡ ስትሄዱ ምን ይዛችሁ ትሂዱ? የእኔን ልንገራችሁ። የቅጥር ደብዳቤዬን፣ ያገኘሁትን የደመወዝ ወረቀት ሁሉ፣ የፋብሪካ መታወቂያዬን፣ የባንክ ደብተሬን። ደመወዛችን በባንክ ይገባ ስለነበር ባንኩ ያወጣልኝ መግለጫ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ፤ ወር በወር ሰባት ዓመት ቁጭ ብሏል። የቅጥር ደብዳቤ ያልተሰጠው ሰው ይህ ብቻውንም ይረዳዋል። በዚያን ቀን ስም ዝርዝር ተነብቦ እንደተሰናበትን የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎችም ይዤ ነበር። የሥራ ልምድ ወረቀት ደግሞ መብት ነው፤ ፈርሚና ውሰጂ የሚባልበት ነገር አይደለም።

የእኔ ጉዳይ የት ደረሰ ቢሉ፣ ቢሮው ጠርቶ ካነጋገራቸው በኋላ 30,000ውን በሁለት ጊዜ ከፈሉኝ። የመጀመሪያውን በጥር፣ ሁለተኛውን በመጋቢት። የማስጠንቀቂያውን 12,000 አንከፍልም ስላሉ ፍርድ ቤት ላይ ነን፤ ቀጠሮ አለኝ። በ30,000ው ምን ሠራሽ ብትሉኝ፣ የስድስት ወር የቤት ኪራይ፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ የቀረውን እናቴ ዘንድ ለሁለት በግ። ጠጅ ሳር ሜዳ ላይ ያሉ በጎች ከባንክ ይሻላሉ ትላለች፤ ዘንድሮ እሷ ልክ ናት። እስከዚያው ግን የበላሁት እሷ የላከችልኝን በሶ ነው። ሌላው 30 ሺህ አግኝቶ በሶ የሚልክለት እናት ከሌለውስ?

እዚህ ጋ ነው የስንብት ክፍያ የሥራ አጥ መድን እንዳልሆነ የሚታየው። የሚከፍለው ራሱ የከሰረው አሠሪ ነው። እየሰመጠ ያለ ሰው ሌላውን እንዲያወጣ እንደመጠበቅ ነው። ገንዘቡ በጋራ ቋት ቢቀመጥ ኖሮ ፋብሪካው ቢዘጋም እኔ አልዘጋም ነበር።

የጡረታችንን ነገር ደግሞ አስቡት። ከግል ድርጅት ሠራተኛ ደመወዝ በየወሩ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። በእኔ ደመወዝ 420 ከእኔ፣ 660 ከእሱ፤ በወር 1,080 ብር በስሜ ይገባል። ጥሩ ነገር ነው፣ አልጠላሁትም። ግን ዕድሜዬ 34 ነው። የጡረታ መውጫው 60። በእኔና በጡረታዬ መካከል 26 ዓመት ተኝቷል፤ ያን ሁሉ ዓመት የማይዘጋ ፋብሪካ ከየት አገኛለሁ? ጡረታ ለማግኘትም ቢያንስ አሥር ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ያ ሳይሞላው 60 የደረሰ የሚሰጠው አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው። እኔ ሰባቱን ይዣለሁ፤ ሦስቱን ደግሞ ሌላ አሠሪ ጋ መፈለግ አለብኝ። (ለነገሩ የተቆረጠባችሁ ገንዘብ በእርግጥ ገቢ መሆኑን ጠይቃችሁ አረጋግጡ። ከደመወዝ ወረቀት ላይ መቆረጡ ብቻ ምስክር አይሆንም።)

በደቡብ አፍሪካ ለሥራ አጥ መድን ሠራተኛው 1 በመቶ፣ አሠሪው 1 በመቶ ያዋጣሉ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። ከእኔ 60 ብር፣ ከአሠሪው 60 ብር። የጥቂት ቀን የባጃጅ ሂሳብ ነው። በሰባት ዓመት ቢጠራቀም ብዙ አይሆንም፤ ነገር ግን በአገሪቱ ያለ ሠራተኛ ሁሉ ቢያዋጣ፣ ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የተቀነሰውን ሌላ ከተማ የሚሠራው ይደግፈዋል፣ ነገ ደግሞ እሱ ይደገፋል። ከዕድር የሚለየው ምኑ ነው? እኛ እኮ ለሞት በየወሩ ስናዋጣ የኖርን ሕዝብ ነን፤ ለድንኳንና ለድስት። በቁም ለሚገጥመን ችግር ማዋጣት እንዴት ይከብደናል?

እርግጥ ነው፣ ይህን ሳስብ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጠባሴ መናኸሪያ ጋ ጭነት የሚያወርዱት ልጆች፣ በየቤቱ የሚሠሩት፣ በየግንባታው ላይ በቀን ሂሳብ ድንጋይ የሚያቀብሉት ከየትኛው ደመወዝ ይቆረጥባቸዋል? የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ብዙዎቹ እንዲህ ባለው ሥራ ነው የሚተዳደሩት። የቀን ሠራተኛውን ትቶ ደመወዝተኛውን ብቻ የሚያቅፍ ከሆነ እኔም ግማሽ ልቤ ነው የሚደግፈው። የሚያውቁ ሰዎች በጋዜጣችሁ ቢጽፉበት ደስ ይለኛል። ቅጥር ደብዳቤ የያዘውን ሰው ጉዳይ ግን እስከዚያ ማቆየት አይገባም።

ከእናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የአዋጁን አንቀጽ 39ን፣ 40ንና ስለ ይርጋ የሚለውን 163ን ሙሉውን በአንድ ገጽ አትሙልን። ማስታወቂያ የሌለበት ገጽ ከተገኘ ማለቴ ነው። የፋብሪካዎቹ ባለቤቶችም ከፈለጉ በር ላይ ይለጥፉት፤ "ማጨስ ክልክል ነው" የሚለው እኮ ተለጥፏል።

ደብዳቤዬንም፣ ይቻላችሁ እንደሆነ፣ ከግንቦት 13 በፊት አውጡልኝ። ከሚጠብቁት አሥራ አንዱ ሦስቱን በስልክ አግኝቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሰኞ ቢሮ እንሄዳለን ብለዋል፣ አንዷ ባሏን ልጠይቅ አለች። ጥቂቶቹ ስልካቸውን ቀይረዋል። ሦስቱ ወደ አገራቸው ገብተዋል፤ አንዱ መሐል ሜዳ፣ ሁለቱ ደብረ ሲና። ጋዜጣው እዚያ ይደርስ እንደሆነ ለማንኛውም ብዬ ነው። ባለ 300 ብሯ ልጅም ከአሥራ አንዱ አንዷ ናት፤ ከአምስት ዓመት በላይ ሠርታለች፣ ወረቀት አልፈረመችም፣ ስልኳም ይሠራል። ረቡዕ ጠዋት ይዣት እሄዳለሁ። ዳቦ ቤቱም ጋዜጣው ሲደርሰው መጠቅለያ ሳያደርገው ለአንድ ሳምንት ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው ቃል ገብቶልኛል።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀድሞ የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ
ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን